ልጅ ታቅፎ ኮሌጅ መግባት፦ በአፍላ ዕድሜ ለወለዱ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

የኮሌጅ ማመልከቻዬን የሞላሁት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። የስምንት ወር ልጄ ግራ ክንዴ ላይ ተኝታለች፤ ካስተኛኋት እንደምትነቃ ስለማውቅ በቀኝ እጄ ብቻ ፊደል እየለቀምኩ እጽፋለሁ። ቅጹ መሐል ላይ «በሥርሽ የሚተዳደር ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ መጣ። እጄ እዚያ ላይ ቆመ። በ17 ዓመቴ መውለዴን ያወቀ ሰው ሁሉ ወንበሩን የሚነፍገኝ መስሎኝ ነበርና «የለም» ብዬ አለፍኩ።

ያቺ አንዲት ቃል ብዙ አስከፍላኛለች። በመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ ልጄን ትኩሳት ይዟት የፈተና ቀን ቀረሁ። መምህሩ ልጅ እንዳለኝ አያውቁም፤ የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮም አያውቅም፤ በመዝገቤ ላይ ያለው በገዛ እጄ የጻፍኩት «የለም» ነው። ዜሮ ተመዘገበብኝ። ልጅ ለታመመበት ተማሪ ማካካሻ ፈተና እንደሚፈቀድ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። የልጅሽን ውሎ ከማመልከቻሽ በፊት አሰናጂ። ልጅሽንም ከምትማሪበት ተቋም አትደብቂ።

በ«አንቺ» የምጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑን ታቅፋ የምትቀረው እናቲቱ ስለሆነች ነው። ልጁን ለብቻህ ወይም ከእናቱ ጋር የምታሳድግ ወጣት አባት ከሆንክ እያንዳንዱ ደረጃ ለአንተም ነው፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ ለአንተ ብቻ የጻፍኩት አለ።

ደረጃ 1፦ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሺ፤ ማቋረጥ ግድ ከሆነም በወረቀት አቋርጪ

ኮሌጅ በመጀመሪያ የሚጠይቅሽ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ማስረጃ ነው። እርግዝናው ወይም አራስነቱ ከብዶሽ መቀጠል ካቃተሽ ዝም ብለሽ አትቅሪ። ዝም ብሎ የቀረ ተማሪ በመዝገብ ላይ የወደቀ ወይም የጠፋ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ማስተካከል ደግሞ ትምህርቱን ከመማር ይከብዳል። ወደ አስተዳደር ቢሮው ሄደሽ እስከዚያ ቀን ያገኘሽውን ውጤት የያዘ፣ ቀንና ማኅተም ያለበት የጊዜያዊ ማቋረጫ ደብዳቤ ተቀበዪ። በመደበኛው መመለስ ባትችዪ የማታ፣ የርቀት ወይም በግል ተመዝግቦ የመፈተን ዕድል መኖሩን በዚያው ቀን ጠይቂ።

«አርግዘሽ እዚህ አትማሪም» የሚልሽ ሰው ሊያጋጥም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 11 ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ያረገዙ ልጆች እንደየችሎታቸው የመቀጠል ዕድል እንዲያገኙ ፈራሚ አገሮችን ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ1979 የጸደቀው በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን ለማስወገድ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአንቀጽ 10 የሴት ተማሪዎችን ማቋረጥ መቀነስና ያለጊዜያቸው ላቋረጡት የሚሆን ትምህርት ማዘጋጀት የመንግሥታት ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። እነዚህን አንቀጾች ይዘሽ ጠብ አትግጠሚ። በትሕትና «እምቢታውን በጽሑፍ ይስጡኝ» በዪ። በቃል የተከለከለ ነገር፣ ጻፍልኝ ሲባል ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል።

ደረጃ 2፦ የልጅሽን ሳምንት በወረቀት ላይ አስፍሪ

ይህ ደረጃ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። ኮሌጅ ተመርጦ፣ ተመዝግቦ፣ ትምህርት ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀር «ልጁን ማን ይያዘው?» ተብሎ ይታሰባል። አካሄዱ መገልበጥ አለበት።

አንድ ትልቅ ወረቀት ውሰጂ። ሰባት ዓምድ አስምሪ፤ እያንዳንዱን ዓምድ በሰዓት ክፈዪ። በየሳጥኑ ሁለት ነገር ጻፊ፦ ልጁ በዚያ ሰዓት ምን ያደርጋል፣ በማን እጅ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት ወረቀት የስምንት ወር ልጅ ካላት እናት ወረቀት ጋር አይመሳሰልም። ትምህርቱ በሚጀመርበት ጊዜ ልጅሽ ስንት ወር እንደሚሆነው አስልተሽ ለዚያ ዕድሜ ሙዪው።

የእኔን ወረቀት ስሞላ ሁሉም ሳጥን በእናቴ ስም ተሞላ። «እማዬ፣ ኮሌጅ ከገባሁ ልጄን ትይዥልኛለሽ?» ብያት «እንዴት አልይዛትም፣ የልጅ ልጄ አይደለች?» ብላኝ ነበርና ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ወረቀቱን ፊቷ ዘርግቼ ሳሳያት ግን ዝም ብላ አየችውና ጣቷን ማክሰኞ ጠዋት ላይ አሳረፈች። «ይቺን እንኳ... የደም ግፊቴን የሚያዩልኝ ማክሰኞ ነው።» ካልተጠየቀች አትናገርም ነበር፤ ቀጠሮዋን ትታ ልጄን ትይዝ ነበር። ያቺ ሳጥን ባዶ ሆነች፤ እኔም ማክሰኞ ጠዋት ኮርስ የሌለበት ፕሮግራም ፈለግሁ።

ከዚህ የተማርኩት፣ ርዳታ የሚጠየቀው በጅምላ አይደለም። «ትይዥልኛለሽ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፤ የሚወድሽ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? «ሰኞና ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 6፡00 ሰዓት፣ ለአራት ወር» ብለሽ ስትጠይቂ ግን እውነተኛ መልስ ታገኛለሽ። የምትረዳሽ አያት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ስለ አመጋገቡ፣ ስለ እንቅልፉና ስለ ቅጣት ከአንቺ የተለየ ሐሳብ ካላት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ፈተና በደረሰበት ሳምንት በዚህ ጉዳይ መጋጨት ሁለታችሁንም ይጎዳል።

ለእያንዳንዱ የትምህርት ሰዓት ሁለት ስም ያስፈልግሻል፦ ዋናው ያዢና እሷ ስትታመም የሚተካት። ሦስተኛ ስም፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊደርስ የሚችል ሰው፣ ብታገኚ እጅግ ጥሩ ነው።

የሕፃናት ማቆያ የምትጠቀሚ ከሆነ ቦታውን ሳታሳውቂ፣ በሥራ ሰዓት ሄደሽ እዪው። ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አንድ ተንከባካቢ ከሦስት ወይም ከአራት በላይ ባትይዝ ይመረጣል። በር ላይ ልጅ ሲያስረክቡ ማን መሆንሽን ይጠይቃሉ? ልጁ ቢታመም መቼ ይጠሩሻል፣ በስንት ቀን ይመልሱታል? የሚዘጉበት ሰዓት ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜሽና ከመንገዱ ጋር ይገጥማል? ተራ የሚጠበቅበት ከሆነ የኮሌጁን መልስ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ስምሽን አስመዝግቢ። የኮሌጅ ወንበር አግኝታ የማቆያ ቦታ ያጣች እናት ወንበሩን ትለቃለች፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ደረጃ 3፦ ኮሌጁን በወረቀቱ ምረጪ

አሁን ሳምንቱን የሚያሳይ ወረቀት ስላለሽ ተቋማትን በዝናቸው ብቻ አትለኪያቸውም። መጀመሪያ የዕውቅና ፈቃዳቸውን አረጋግጪ፤ በጥቂት ወራት ዲግሪ እንሰጣለን የሚል ተቋም ጊዜ ያጠረውን ወላጅ አነጣጥሮ የሚያጠምድ ነውና ራቂው። ከዚያ የሬጅስትራር ቢሮውን እነዚህን ጠይቂ፦ ከመደበኛው ያነሰ ኮርስ መውሰድ ይቻላል? በአንድ ኮርስ ስንት ጊዜ መቅረት ይፈቀዳል፣ የልጅ ሕመምስ እንደ ሕጋዊ ምክንያት ይያዛል? ለወሊድ ፈቃድ ይሰጣል፣ ሲመለሱስ ወንበሩ ይጠበቃል? ግቢው ውስጥ ማቆያ ወይም ማጥቢያ ክፍል አለ? ከልጅ ጋር የሚኖሩበት መኝታ ቤት አለ? የጠየቅሽውን ሰው ስምና ቀኑን ጽፈሽ ያዢ።

የኮርሱን ክብደት ሳታሰዪ አትመዝገቢ። በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት፣ ሌሎች በርካታ ተቋማትም በሚከተሉት፣ የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል። በዓመት ከ1500 እስከ 1800 ሰዓት ማለት ነው። በሌላው የተለመደ ስሌት ደግሞ ክፍል ውስጥ ለሚቀመጡበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ውጭ ሁለት ሰዓት ይጠናል። በሳምንት 12 ሰዓት ክፍል የምትገቢ ከሆነ ውጤቱ 36 ሰዓት ነው። ይህን 36 ሰዓት ከወረቀትሽ ላይ ፈልገሽ አግኚው። ካልተገኘ ኮርሱን ቀንሺ።

እኔ በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ከሙሉው ጭነት በታች ተመዝግቦ ራስን ማየትን አጥብቄ እመክራለሁ። ሆኖም አንድ ወጥመድ አለው፤ አንዳንድ የነፃ ትምህርት ዕድሎችና ድጎማዎች ሙሉ ጭነት ለሚወስድ ተማሪ ብቻ የሚሰጡ ናቸው። ከመቀነስሽ በፊት ገንዘቡን የሚሰጠውን አካል ጠይቂ።

የርቀት ትምህርት ለወላጅ የተሠራ ይመስላል፤ ለአንዳንዶችም እንዲያ ነው። ልጁን የሚይዝልሽ ሰው ግን ለርቀት ትምህርትም ያስፈልግሻል። ሕፃን ጉልበትሽ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ትምህርት ግማሹ አይሰማም።

ደረጃ 4፦ ማመልከቻው

አንድ ጠንካራ ፋይል ግዢና የሚያስፈልጉትን ሁሉ እዚያ አስገቢ፦ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃና ትራንስክሪፕት፣ መታወቂያ፣ የአንቺና የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የልጁ የክትባት ካርድ፣ የገቢ ማስረጃ። ሁሉንም ፎቶ አንስተሽ በስልክሽና በኢሜይልሽም አስቀምጪ። ልጅ ወረቀት ይበላል፣ ይቀዳድዳል፣ ውኃ ያፈስበታል። ዕድሜሽ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ለምዝገባ፣ ለባንክ ሒሳብና ለብድር የአሳዳጊ ፊርማ ሊጠየቅ ስለሚችል ፈራሚው ማን እንደሆነ አስቀድመሽ ወስኚ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽን መምህር ቢያንስ ከወር በፊት ጠይቂ። ከወለድሽ በኋላ ያዩሽ መምህር ቢሆኑ የተሻለ ነው፤ ከመውለድሽ በፊት ጎበዝ እንደነበርሽ ብቻ የሚመሰክር ደብዳቤ አንባቢውን «አሁንስ?» ያሰኘዋል።

ስለራስሽ በምትጽፊው ጽሑፍ ልጅሽን አንሺ ወይስ አታንሺ? አንሺ፤ ነገር ግን ልመና አታድርጊው። «ሕይወት ጨክናብኝ ሳልፈልግ ወልጄ ብዙ ተሠቃይቻለሁ፤ እባካችሁ ዕድል ስጡኝ» የሚለው ጽሑፍ ያሳዝናል፤ ስለ ችሎታሽ ግን ምንም አይናገርም። ይልቅ ያደረግሽውን ጻፊ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«በ11ኛ ክፍል ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ውጤቴ ዝቅ ያለው ልጄን የወለድኩበት ወቅት ስለነበር ነው። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ በቀጣዩ ዓመት የሒሳብ ውጤቴን ከነበረበት በላይ አድርሻለሁ። ልጄ ከመንቃቷ በፊት ባለው አንድ ሰዓት በየቀኑ አጠናለሁ። ነርስነት የመረጥኩት በወሊዴ ወቅት ያገዘችኝ ነርስ እያንዳንዱን ነገር እያስረዳች ስትሠራ አይቼ ነው።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ክፍተቱን አስረድቷል፣ መመለሷን አሳይቷል፣ ምርጫዋንም ከሕይወቷ ጋር አገናኝቷል። ስለ ልጁ አባትና ስለ ግል ጉዳይሽ የመጻፍ ግዴታ የለብሽም።

የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ለአንቺ አሥር ቀን ቀድሞ ያበቃል ብለሽ ቁጠሪ። ልጅ የሚታመመው የመጨረሻው ቀን ላይ ነው። የማመልከቻ ክፍያ ካለ ደግሞ አቅም ለሌለው የሚቀር መሆኑን ጠይቂ፤ ይህን ጥያቄ መጠየቅ አያሳፍርም።

ደረጃ 5፦ ገንዘብ

በሦስት ዓምድ ጻፊው፦ የትምህርት፣ የልጅ፣ የኑሮ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያሰላል፤ ትምህርት የሚያስቆመው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። የማቆያ ክፍያ፣ የመንገድ፣ የሽንት ጨርቅ፣ የድንገተኛ ሕክምና። የአንድ ወሰነ ትምህርትን ሁሉ በአንድ ላይ ደምሪ እንጂ በወር ብቻ አትዪው፤ መጽሐፍና ምዝገባ በአንድ ጊዜ የሚመጡ ናቸውና።

ገንዘብ የምትፈልጊበት ቅደም ተከተል ይኑርሽ። መጀመሪያ የማይመለሰው፦ ነፃ የትምህርት ዕድል፣ ድጎማ፣ ለወላጅ ተማሪ የሚሰጥ የማቆያ ድጋፍ። ቀጥሎ በግቢ ውስጥ የሚገኝ የተማሪ ሥራ። ብድር መጨረሻ፤ እሱም ወለዱ ስንት እንደሆነና መክፈል የሚጀመርበት ቀን በጽሑፍ ከታወቀ በኋላ። በአንዳንድ አገሮች የራሷን ልጅ የምታሳድግ ተማሪ የምትመዘነው በወላጆቿ ገቢ ሳይሆን በራሷ ነው፤ ይህ የምታገኚውን ድጋፍ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ቅጹ ላይ «የለም» ብላ የሞላች ልጅ ይህ ሁሉ እንደሚቀርባት ከእኔ ተማሪ።

የልጁ አባት የሚሰጠው ቀለብ ካለ በስምምነት ይሁን በፍርድ ቤት በጽሑፍ ይሁን። በሰላም ጊዜ የተጻፈ ወረቀት በጠብ ጊዜ ለልጁ ይቆምለታል።

ደረጃ 6፦ ከተቀበሉሽ በኋላ፣ ትምህርት ሳይጀመር

መናገር ያለብሽ ለሁሉም ሰው አይደለም። ለተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ፣ ለአማካሪሽና ለእያንዳንዱ ኮርስ መምህር ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ምንም ችግር ሳይፈጠር፣ በአጭር ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ይሁን። ከቀሩ በኋላ የሚነገር ምክንያት ሰበብ ይመስላል፤ አስቀድሞ የተነገረ ግን መረጃ ነው። እኔ በሁለተኛው ዓመት የተጠቀምኩበት ደብዳቤ ይህን ይመስል ነበር፦

«ለተከበሩ መምህር፣ በዚህ ወሰነ ትምህርት የእርስዎን ኮርስ የምወስድ ተማሪ ነኝ። የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ። የሚይዙልኝ ሁለት ሰዎች ስላሉ በመደበኛነት እገኛለሁ። ልጄ ብትታመም ግን በዚያው ቀን ጠዋት አሳውቅዎታለሁ፤ የሕክምና ማስረጃም አቀርባለሁ። የማካካሻ ፈተና አሠራርዎን ቢገልጹልኝ አመሰግናለሁ።»

ካገኘኋቸው አምስት መምህራን አራቱ በዚያው ቀን መለሱልኝ። አምስተኛው አልመለሱም፤ ደብዳቤው ግን መላኩ በመዝገብ ነበርና በኋላ ጠቅሞኛል።

የመውለጃ ቀንሽ በትምህርት ወቅት የሚውል ከሆነ ከዚህም ቀድመሽ ተናገሪ። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 24 ሰዓታት፣ ከዚያም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መካከል፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ በስድስተኛውም ሳምንት ክትትል እንዲደረግ ይመክራል። ቢያንስ እነዚህን ስድስት ሳምንታት ከወረቀትሽ ላይ ለሰውነትሽ አስቀምጪ። በቀዶ ሕክምና ከወለድሽ ከዚያም ሊረዝም ይችላል።

ትምህርት ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀር ልምምድ አድርጉ። እንደ ትምህርት ቀን ተነሺ፣ አልብሺው፣ አብዪው፣ ለያዢው አስረክቢ፣ እስከ ኮሌጁ በር ሂጂ፣ ተመለሺ። ያን ቀን እኔ 40 ደቂቃ ይበቃኛል ያልኩት ጠዋት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ልጄ ልብሷ ላይ አስታውካ እንደገና መቀየር ነበረብኝ፤ በር ላይ ስደርስ የራሴ ጫማ ሁለት ዓይነት ነበር። በልምምዱ ቀን መሆኑ በጀኝ። ከዚያ ወዲህ ቦርሳዋም ቦርሳዬም የሚዘጋጁት ማታ ነው።

ደረጃ 7፦ እየተማሩ ማሳደግ

ጡት የምታጠቢ ከሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባትን ይመክራል። ኮሌጅ መግባት ይህን የግድ አያስቀረውም። የታለበ የእናት ጡት ወተት ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ የክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በረዶ በያዘ ቀዝቃዛ ቦርሳ እስከ 24 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ዕቃው ላይ የታለበበትን ቀንና ሰዓት ጻፊ። በማይክሮዌቭ አታሙቂው፤ አንዱን ቦታ ብቻ አፍልቶ የልጁን አፍ ያቃጥላልና በሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጠሽ አሙቂው። ትምህርት ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ማለብ ተለማመጂ፤ ልጁም በሌላ ሰው እጅ መጠጣትን ይልመድ። ክፍል ውስጥ ሳትታለቢ ረጅም ሰዓት ከቆየሽ ጡትሽ ያብጣል፣ ሊመረቅዝም ይችላል። ስለዚህ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ የሚሆን ዕረፍት በፕሮግራምሽ ላይ ፈልጊ። ክፍሉ መቆለፊያ ያለው፣ መፀዳጃ ቤት ያልሆነ ይሁን፤ ይህን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ጥናት። እንደ ጓደኞችሽ አራት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት መቀመጥ አትችዪም። ይህ የሚመስለውን ያህል አይጎዳሽም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ተከፋፍሎና በየቀናቱ ተመላልሶ የተጠና ነገር በአንድ ጊዜ ከታጨቀው ይልቅ እንደሚቆይ አሳይቷል። የልጅሽ የቀን እንቅልፍ እንግዲህ የተፈጥሮ ማከፋፈያሽ ነው። ትልቁን ንባብ በ25 ደቂቃ ቁራጭ ቁረጪው። ማታ ከመተኛትሽ በፊት የነገዋን የመጀመሪያ ቁራጭ ወስኚና መጽሐፉን በዚያ ገጽ ከፍተሽ አስቀምጪ፤ ልጁ ዓይኑን ሲከድን «ምን ላጥና?» እያልሽ ደቂቃ እንዳታባክኚ። መጽሐፉን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ዘግተሽ ራስሽን ጠይቂ። ዕቃ ስታጥቢ፣ ልጁን ስታባብዪ ሊመለሱ የሚችሉ ጥያቄዎችን በትንንሽ ካርዶች ጻፊ። እኔ የአናቶሚ ስሞችን ለልጄ በዜማ እያሰማሁ አስተኝቻታለሁ፤ እሷም ተኛች፣ እኔም አወቅኋቸው።

የቤት ውስጥ ሥራ ግን ከልጁ እንቅልፍ ጋር እንዳይሻማ። ልጁ ሲተኛ አጥኚ ወይም አብረሽው ተኚ፤ ዕቃ ማጠብና መጥረግ ሲነቃ አጠገብሽ አድርገሽ የሚሠራ ነው።

ልጅ ሲታመም። ዕድሜው ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈተና ይሁን ሌላ፣ ሁሉን ትተሽ ወዲያው ወደ ሕክምና ውሰጂው። መንገድ ላይ ሆነሽ ለመምህሩ አጭር መልእክት ላኪ፤ ከሐኪሙ ቀን ያለበት ማስረጃ ሳትይዢ አትውጪ። ይህ ወረቀት እኔ ያጣሁትን ፈተና ለአንቺ ያስመልስልሻል።

የቡድን ሥራ ሲሰጥ አብዛኛው ቡድን ማታ መገናኘት ይፈልጋል። በመጀመሪያው ስብሰባ «ማታ አልችልም፤ በዚህ ምትክ ጽሑፉን አጠናቅሬ እኔ እጽፋለሁ» በዪ። ለብቻሽ በራስሽ ሰዓት የሚሠራውን ድርሻ ቀድመሽ ውሰጂ።

ደረጃ 8፦ ራስሽ

ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ማልቀስና መረበሽ የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀላል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከልጅሽ ጋር መሆን ካስጠላሽ፣ እሱ ተኝቶ አንቺ እንቅልፍ ካጣሽ፣ መጽሐፍ ከፍተሽ አንድ መስመር ማንበብ ካቃተሽ፣ ይህ የድኅረ ወሊድ ድባቴ ሊሆን ይችላል። በሽታ ነው፤ ስንፍና አይደለም፤ ይታከማል። ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ለአንድ ሰው ተናገሪና ወደ ሕክምና ሂጂ።

ሌላም በግልጽ ልናገረው የሚገባ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል። «እያጠባሁ ነው፣ አላረግዝም» የሚለው እምነት የሚሠራው ልጁ ከስድስት ወር በታች ከሆነ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነና የወር አበባሽ ካልተመለሰ ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል መከላከያው ቀርቷል ማለት ነው፤ ኮሌጅ ገብተሽ በቀን መሐል ማጥባት ስታቋርጪ ደግሞ ይጎድላል። ለምታጠባ እናት የሚስማሙ የእርግዝና መከላከያ ዓይነቶች አሉ። በስድስተኛው ሳምንት ክትትልሽ ላይ ጠይቂ።

ለአንተ፣ ለወጣቱ አባት

ትምህርቱን ትተህ ሥራ ለመግባት ጫናው በአንተ ላይ ይበረታል። ከመወሰንህ በፊት አንተም ያንን ወረቀት አስምር። የማታ ትምህርትና የቀን ሥራ ከገጠመልህ ቀጥል። እናቲቱም የምትማር ከሆነ ሁለት ወረቀት አይኑራችሁ፤ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ሙሉት፣ የእሷ ፈተና ሳምንት ሙሉ በአንተ ስም ይሁን፣ የአንተም በእሷ። ልጁን የምትይዝበትን ሰዓት «እያገዝኳት ነው» አትበል፤ ልጁ የሁለታችሁ ነው። በምዝገባ ቅጽህ ላይም አባት መሆንህን ጻፍ፤ ለወላጅ ተማሪ የተፈቀደው ድጋፍ ለእናቶች ብቻ መሆን አለመሆኑን ሳትጠይቅ አትለፈው። ከእናቲቱ ጋር ከተለያያችሁ ደግሞ ልጁ በአንተ ዘንድ የሚሆንባቸውን ቀናት በጽሑፍ ተስማምታችሁ ከፈተና ፕሮግራምህ ጋር አስተያየው።

ማቆም ግድ ከሆነ

ልጅሽ ለረጅም ጊዜ ሊታመም፣ ያዢሽ በሞት ልትለይ፣ ገንዘቡ ሊያልቅ ይችላል። ያኔ ማድረግ የሌለብሽ ነገር ከክፍል ዝም ብሎ መጥፋት ነው፤ የጠፋ ተማሪ በሁሉም ኮርስ ኤፍ ይመዘገብበታል። በተቋሙ የቀን መቁጠሪያ ላይ ዊዝድሮዋል (ኮርስን በይፋ የማቋረጫ ቅጽ) የሚሞላበት የመጨረሻ ቀን አለ። ትምህርት በጀመርሽ በመጀመሪያው ቀን ያንን ቀን አጣርተሽ በሳምንት ወረቀትሽ ጠርዝ ላይ በቀይ ጻፊው። ሁሉንም ከማቆምሽ በፊት አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ብቻ መጣል ይበቃ እንደሆነ አማካሪሽን ጠይቂ። የከፈልሽው ገንዘብ ስንት እንደሚመለስ፣ የነፃ ዕድልሽ ይጠበቅ እንደሆነ፣ ብድር ካለሽ መክፈሉ መቼ እንደሚጀመር ከመፈረምሽ በፊት እወቂ። ስትፈርሚ ደግሞ መመለሻ ቀንና የዳግም ቅበላ ማመልከቻ የሚቀርብበት ጊዜ የተጻፈበትን ቅጂ ተቀበዪና በዚያው ፋይል ውስጥ፣ ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጪው። ለክትባት ካርዱ ስትከፍቺው ቀኑን ታዪዋለሽ።